ምዕራፍ ስድስት፦ የምትሮጥ መኪና፣ የምትቆም መኪና

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ልጅ አስራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ቤት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። ልጁ «ትሮጣለች ወይ?» ይላል። እናቱ «ልጄን በሰላም ትመልስልኛለች ወይ?» ትላለች። አባት መሀል ሆኖ ዋጋ ያጠያይቃል። እርግጥ ነው፣ በበቆሎ ወይም በበርበሬ ንግድ ጥሪት ያፈራ፣ አለዚያም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚደግፈው ቤት ካልሆነ በቀር እዚህ ጭንቀት ላይ የሚደርስ ጥቂት ነው። የደረሰውም ብዙ ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ይገዛል። ልጁን ከሰማ ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ መኪና ትመጣለች፤ እናትየዋን ከሰማ ትልቅና ከባድ መኪና ይፈለጋል፤ ደላላውን ከሰማ ደግሞ በዚያ ሳምንት የተገኘችው ትገዛለች።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምታስማማ መኪና አለች የሚል ነው። ትንሽና ቀላል ናት፤ ሞተሯ መካከለኛ ነው፤ ፍሬኗ፣ ጎማዋና መሪዋ ግን እንከን የለባቸውም። ጎጃም ፈጣን ነገር ማድነቅ አዲሱ አይደለም። በአጎራባቹ አዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በጋላቢ ይሞላል። እዚያ ፈረስ ማስሮጥ ብቻውን ጎበዝ አያሰኝም፤ የሮጠውን ፈረስ ሰው መሀል ሳይገባ ልጓም ስቦ ማቆምም አለ። መኪናም ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ያረጀ መኪና ለምን አይረክስም?

በብዙ አገር የጀማሪ መኪና ጉዳይ ቀላል ነው። መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ ወላጅ የአስር ዓመት ትንሽ መኪና በአንድ ወይም በሁለት ወር ደመወዝ ገዝቶ ይሰጣል፤ ልጁ ቢያጋጫትም ሐዘኑ አይበረታም። እኛ ዘንድ ግን ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠየቃለች።

ምክንያቱ ተደራራቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን በዋጋ ለማስቆም ታስቦ፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ሞተራቸው ከ1300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪኖች ግን 5 በመቶ ብቻ ተጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ጥር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ ቀድሞ የገባው መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ ይታይ ጀመር።

ለእኛ ገዢ የዚህ ውጤት ሁለት ነው። አንደኛ፣ መኪናዋ የቤተሰቡ ቁጠባ ናት። ስለዚህ ነገ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ላይ ገዢ የሚያገኝላት፣ መለዋወጫዋም ሶማሌ ተራ የማይጠፋ መሆን አለባት። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው ዕድሜ የተጫናት መኪና ነው። ዋጋዋ ቢወደድም ፍሬኗ አዲስ አይሆንም። «ይህን ያህል ከፍዬማ ጤነኛ ናት» ብሎ ማሰብ በዚህ ገበያ ውስጥ ካሉ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? ቤት ውስጥ ተሰክታ ስለምትሞላ የቤንዚን ሰልፍ ታስቀራለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ወዲህ ግጭት መንገድ በሚዘጋበትና ነዳጅ በሀይላንድ በሚሸጥበት ክልል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለብዙዎቹ በአንድ ሙሌት የሚዘለቅ መንገድ አይደለም፤ በመሀል ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከዚህ በላይ፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ገና እግር እንደነካው ይለቀዋል። ጸጥ ብላ የምትወነጨፍ ከባድ መኪና ለጀማሪ እጅ አትመከርም።

ጉልበት ስንት ይበቃል?

ልጁ ስለ ሞተር ሲያወራ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ጉልበት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም መቅደም ሲሆን ነው።

16 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። በ70 የምትሄድ ትንሽ መኪና ከኋላውም ከፊቱም የ20 ሜትር ክፍተት ጠብቃ ልትቀድመው ብትነሳ ወደ 11 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ 210 ሜትር ትጓዛለች። ከፊት በ80 የሚመጣ ሚኒባስ ደግሞ 240 ሜትር ይቀርባታል። ሲደመር 450 ሜትር ባዶ መንገድ በዓይን መታየት አለበት ማለት ነው። ኩርባና ዳገት ባለበት መንገድ ያን ያህል የሚያሳይ ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም። ባልታየ መንገድ መቅደም የአዲስ ሾፌር ዋና ጠላት የሚሆነው በዚህ ሒሳብ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታ አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ይቀንሳልና። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ እዚህ ስትደርስ ከ60 በታች ትሆናለች፤ ወደ ደጋ ዳሞት ስትወጣ ደግሞ ይብስባታል። አምስት ሰው ሲጫንባት 900 ኪሎ በማትሞላ መኪና ላይ 350 ኪሎ ያህል ተጨመረ ማለት ነው። ባዶዋን ቀልጠፍ ያለችው መኪና ጓደኞች ሲሞሉባት ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፤ ልጁ ግን የሚያስታውሰው ባዶዋን ነው።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ይበቃል፤ 1.5 ከተገኘ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጉልበት መቅደምን ከማቅለል ይልቅ መድፈርን ያስተምራል። ነዳጅም ይበላል፤ ቤንዚን ተለምኖ በሚገኝበት ሳምንት ደግሞ የሚሮጥ ሞተር ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይውላል።

መቆም የሚባለው ጥበብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከሁለት ይደመራል፦ ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ የሚሄደውና ፍሬኑ ከያዘ በኋላ የሚሄደው። አይቶ መርገጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል ብንል፣ በደረቅ አስፋልት በ50 የሚነዳ ልጅ ፍሬን ሳይነካ 21 ሜትር ይሄዳል፤ ከነካ በኋላ 14 ሜትር ይጨምርና በ35 ሜትር ይቆማል። በ100 ሲነዳ የመጀመሪያው 42 ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን 28 አይሆንም፤ 56 ነው። ድምሩ 98 ሜትር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚውጠው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው።

ይህን ቁጥር ወደ ገበያ ቀን መንገድ አምጡት። ከጂጋ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አስፋልት ዳር ጭነት ያዘሉ አህዮች፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ ዣንጥላ ይዛ የምትሻገር እናት አሉ። በመቶ ለሚነዳ ሰው መቶ ሜትር ፊት ያለችው አህያ «ሩቅ» አይደለችም።

የመኪናው ድርሻ ከፍሬን ይልቅ ጎማ ላይ ይበዛል። ፍሬን ጎማውን ይይዛል፤ መሬቱን የሚይዘው ግን ጎማው ነው። የጎማ ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተመረተበት ጊዜ ይጻፋል፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢሆንም ዓመታት ካለፉት ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ በመጀመሪያው የክረምት ካፊያ አቧራና ዘይት በላዩ ያለ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ለሚያብረቀርቅ ቸርኬ የታሰበው ገንዘብ ለአራት አዲስ ጎማ ቢውል ልጁ የሚያገኘው ስፖርት እውነተኛው ነው፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ስትጨብጥ በእጁ ይሰማዋልና።

ኤቢኤስ የሚባለው ሥርዓት ካለም ልጁ ምን እንደሆነ ይወቅ። ጎማ ሙሉ በሙሉ ሲቆለፍ መሪ አይሠራም፤ መኪናዋ ወደ ፊት ትንሸራተታለች። ኤቢኤስ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለቀቅ ያዝ እያደረገ መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል። ያኔ የፍሬኑ መርገጫ እግር ስር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ያላወቀ ጀማሪ «ተበላሸ» ብሎ እግሩን ያነሳል። ባዶ ሜዳ ላይ በ40 እየነዳ አንድ ሁለቴ በኃይል ረግጦ ቢለምደው የተሻለ ትምህርት የለም።

እጩዎቹ

*ዲኤክስ።* በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠራችው ኮሮላ በወጣቶች ዘንድ አሁንም ክብር አላት። ማንም መካኒክ ይፈታታታል፤ ካርቡራተሯን ጠግኖ መንገድ ላይ ማስነሳት ይቻላል። ኃይሏን ለኋላ እግሯ ስለምትሰጥ በጃፓንና በእስያ ያሉ ወጣቶች የዚህችን ዘር መኪና ለማንሸራተት ጨዋታ ይፈልጓታል። ለጀማሪ የማትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥብ ኩርባ ላይ ቤንዚን የጨመረ ልጅ የመኪናዋ ጀርባ ዞሮ ፊት ሊሆንበት ይችላል። ኤርባግ የለም፣ ኤቢኤስ የለም፤ ላሜራዋም የዛሬ መኪናን ያህል ግጭት እንዲውጥ አልተሠራም። ለሚወዳት ሰው ሁለተኛ መኪና ትሁን።

*ቪትዝና ያሪስ።* በ1999 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጡት እነዚህ በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው፤ ቪትዝ የጃፓን፣ ያሪስ የአውሮፓ ስሟ። ኃይሏን ለፊት እግሯ ትሰጣለች፣ ቀላል ናት፣ ሞተሯ የሚሠራው በካቴና እንጂ በቀበቶ ስላልሆነ ቀበቶ ተበጠሰ የሚል ስጋት የለባትም። ከ2005 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሁለተኛዋ ያሪስ በአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፍተሻ 5 ኮከብ አግኝታለች። ጥንቃቄ የሚያሻው ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥተው በመንገድ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ተቆርጦ የተገጠመ፣ የመሪው ዘንግ ተበይዶ የተቀጠለ፣ ኤርባጉ ባዶ ክዳን የሆነ ሊኖር ይችላል። ዋጋቸው ቢቀራረብ ከፋብሪካ በግራ መሪ የወጣችው ያሪስ ትመረጥ። ልጁ ካምቢዮ መቀየር ከወደደ ባለ 1.3 ማንዋሏ ደስ ትለዋለች።

*ስዊፍት።* በመሪ ስሜት ከሁሉም የምትጫወት ይህች ናት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአውሮፓ የቀረበችው በዚያው ዓመት በዩሮ ኤንካፕ 4 ኮከብ አግኝታለች። ነገር ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ግሎባል ኤንካፕ ኤርባግ የሌላትን ሕንድ ሠራሽ ስዊፍት ሲፈትሽ የሰጣት ዜሮ ነው። ስም አንድ፣ መልክ አንድ፣ መኪናው ግን ሌላ። ስለዚህ ለመንገዳችን እንግዳ ያልሆኑትን የሱዙኪ ልጆች፣ ዲዛየርን ጨምሮ፣ ሲገዙ ስሟን ከመስማት ይልቅ ስንት ኤርባግ እንዳላት፣ ኤቢኤስ እንዳላት እየነኩ መቁጠር ነው።

*ሞተር ሳይክል።* ዋጋው ስለሚቀል ብዙ አባት «ለጊዜው ሞተር ይበቃዋል» ይላል። የሚቀንሰው ወጪው እንጂ አደጋው አይደለም። በግጭት ጊዜ በልጁና በአስፋልቱ መካከል የሚቀረው የራስ ቁሩ ብቻ ነው፤ እሱንም ካደረገው።

ከመግዛት በፊት

መኪናዋን ጠዋት፣ ሞተሯ ሳይሞቅ እዩ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ነገ ተመለሱ። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግና የኤቢኤስ ምልክቶች በርተው መጥፋት አለባቸው፤ በርተው ከቀሩ ብልሽት አለ፤ ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሏል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች። የዘይት ክዳኑ ስር ቡናማ ወተት የመሰለ ካለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ላሜራው ላይ አስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ስፕሪንጓ ተቆርጦ ዝቅ ያለች ከሆነች ተዉአት፤ ወደ ቋሪትም ሆነ ወደ ወምበርማ በሚያስገባው የጠጠር መንገድ ሆዷን ትመታለች፤ የተቆረጠ ስፕሪንግም በኩርባ ላይ ጎማውን ከመሬት ያላቅቃል።

ከዚያ ወረቀቱ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ እንደሌለባት ከመዘገባት መሥሪያ ቤት ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ እንደማይዞር ይታወቅ። በውክልና ብቻ የሚደረግ ሽያጭ ላይ ረጋ በሉ፤ ውክልና የሰጠ ሰው ሊሽረው ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ቦሎዋ ዘንድሮ የታደሰ ቢሆንም ለአንድ ቀን ምርመራ ፍሬን ማስተካከል ከባድ ስላልሆነ፣ የራሳችሁ መካኒክ ጎማ ፈትቶ የፍሬን ሸራውን ይይ። ሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ ያስገድዳል፤ ነገር ግን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው። ልጁ የራሱን መኪና ቢያጋጫት ቤተሰቡን የሚታደገው ሙሉ ሽፋን ብቻ ነው።

መኪናዋ ከአዲስ አበባ ከተገዛች ልምድ ያለው ሾፌር ያምጣት። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርድና መልሶ ያወጣል። እዚያ በከባድ ማርሽ መውረድን ትቶ ፍሬን ላይ የተኛ ሰው ሸራው ግሎ መርገጫው ሲሰጥም ያገኘዋል። ልጁ ከጎን ተቀምጦ ይመልከት፤ የፍሬንን ልክ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ውል

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል የመንገድ አደጋን የሚቀድም ምክንያት የለም። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል፤ የፊት ወንበር ቀበቶ ደግሞ የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ቀበቶ ማሰር ገንዘብ አያስወጣም፤ ኋላ የሚቀመጡትም ይሰሩት።

በጀማሪ ልጅ ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች አደጋውን እንደሚያባብሱ በብዙ አገር ታይቷል፦ እኩዮቹ አብረውት ሲሳፈሩና ሲመሽ። ስለዚህ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ውል ይግባ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከአንድ ጓደኛ በላይ አይጫን፤ ከመሸ ከከተማ አይውጣ፤ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት ጨለማ ውስጥ አይታይምና። በገበያ ቀን ከተማ ለከተማ መንገድ ላይ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ከጎኑ ይቀመጥ። መቅደም ደግሞ አብሮት የተቀመጠው ሰው «አይቻለሁ» እስኪል ይከልከል። «ጋሼ አያምነኝም» ብሎ ቢያኮርፍ፣ ያ 450 ሜትር ሒሳብ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠው። ውሉ ላይ ማብቂያ ቀን ይኑር፤ ማብቂያ የሌለው ክልከላ ድብቅ ነጂ ይፈጥራል።

በጀቱን ሲከፍሉ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ከተመደበው ገንዘብ አስቀድሞ ለአራት ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ዘይት፣ ለሙሉ መድን፣ ለስም ማዛወሪያ የሚሆነው ይነሳ፤ መኪናዋ በተረፈው ትገዛ። በተረፈው ባለ 1.3 ያሪስ ካልተገዛ ባለ አንድ ሊትሯ ትገዛ፤ እሷም ካልተደረሰባት ይቆይ። ለመኪናዋ ሁሉን ከፍሎ በአሮጌ ጎማ የሚወጣ ልጅ ከሁሉም ውዱን መኪና ነው የሚነዳው።